አትራክታ የማትጠጣው ቢራ

አትራክታ ቢራ የምትቀምሰው በእጇ ጀርባ ነበር።

መጀመሪያ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ ቀለሙን ታያለች። ቀጥላ አፍንጫዋን ታስጠጋና ዓይኗን ጨፍና በአጭር በአጭሩ ሦስት ጊዜ ትስባለች። ከዚያ ጣቷን ነከር አድርጋ አንዲት ጠብታ በግራ እጇ ጀርባ ላይ ታሳርፍና እስክትደርቅ ትጠብቃለች። አልኮሉ ተኖ ሲሄድ ፍሬው ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ እጇን አሽትታ ፍርዷን ትሰጣለች። ብርጭቆው ግን ከንፈሯን ነክቶት አያውቅም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ በካቶሊክ ሥርዓት ሜሮን በተቀባችበት ዕለት፣ ዕድሜ ልኳን መጠጥ ላትቀምስ ቃል ገብታለች። አሁን ሰባ አራት ሞልቷታል። የመጠጥ ታቃቢዎች ማኅበር ዓርማ፣ ጥፍር የምታክል፣ ከካፖርቷ ደረት ላይ አትወርድም።

የወንድሟ ልጅ ዲምፕና በስላይጎ ከተማ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ከአምስት ዓመት በፊት ሥራዋን ለቃ፣ ክሎናሽል መንደር ውስጥ ተዘግቶ የቆየውን የድሮ የወተት ማኅበር ቤት ተከራየችና የፍሬ ቢራ መጥመቅ ጀመረች። የመጀመሪያው ሩባርብ ከሚባል ጎምዛዛ የጓሮ ተክል ግንድ የተጠመቀ ነበር። መንደሩ ሁሉ ቀምሶ አመሰገነ። አትራክታ ግን እጇን አሽትታ፣ "ግንዱን እስከ ቅጠሉ ድረስ ነው የከተፍሽው። ላይኛውን ጣት ያህል ጣይው" አለቻት። ዲምፕና ሳቀች፤ ነገር ግን ጣለችው። በሁለተኛው ጠመቃ፣ ለሃያ ዓመት ከጥቁር ቢራ በቀር ሌላ ድራፍት ቀድቶ የማያውቀው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ፊንታን አንድ ቧንቧ ለቀቀላት። ከዚያ ወዲህ በአትራክታ እጅ ጀርባ ላይ ሳያልፍ ከወተት ቤቱ የወጣ ቢራ የለም።

ነገሩ ተአምር አልነበረም። አትራክታ ለስድሳ ዓመት ማርማላታ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። በወረዳው ዐውደ ርእይ አንደኛ የወጣችባቸው ካርዶች አንድ መሳቢያ ሞልተዋል። ፍሬ የትኛው አጥር ሥር እንደበቀለ፣ ከዝናብ በፊት ይለቀም ከዝናብ በኋላ ታውቃለች። ስለዚህ ጉዳይ ሰው ሲያመሰግናት ወዲያው ወሬ ትቀይራለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ምስጋናውን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች።

በዚያ ዓመት ዲምፕና ያሰበችው የፍራሃን ቢራ ነበር። ፍራሃን በክኖክሮ ተራራ ላይ ከመሬት ስንዝር በማይርቅ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቃ የምትበቅል፣ ከአተር የማትበልጥ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ናት። ተካይ የላትም፤ ማንም አይዘራትም። በሐምሌ የመጨረሻው እሑድ መንደሩ በሙሉ ተራራውን ይወጣና ሲለቅማት ይውላል። ድሮ በዚያ ቀን ስንት ትዳር ተወጥኗል። አሁን ደግሞ ዲምፕና፣ "ከየቤቱ አንድ አንድ ባልዲ ለወተት ቤቱ" ብላ ለምና ነበርና ባልዲ መሙላት የቤት ክብር ሆነ። ያመጡትን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ ሁሉም የጎረቤቱን ባልዲ በዓይኑ ጠርዝ ይለካል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጃርላት ነው። የመንገድ ሥራ ጡረተኛ፣ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው፣ ለሃምሳ ዓመት ሦስት ባልዲ ይዞ ካልሆነ ከክኖክሮ ወርዶ አያውቅም። ዘንድሮም ሦስት አመጣ። ብቻዬን ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ሰው ሳይነሳ ወረድኩ አለ። ፍሬውንም ጨፍልቆት ነበር።

"ለዲምፕና ድካም ልቀንስላት ብዬ ነው" አለ።

ዲምፕና በጣም አመስግናው ወደ ጋኑ ገለበጠችው። ጠመቃው ከተጀመረ በኋላ አንድ ቀን አክስቷ ቤት መጥታ፣ ቆማ፣ ሻይ አልፈልግም ብላ፣ ኋላም ሻዩን ተቀብላ፣ የመጣችበትን ተናገረች።

"በጠርሙሱ ላይ ስምሽን ላትምበት እፈልጋለሁ።"

"የምን ስም?"

"አትራክታ። በትልቁ። ከሥሩ ደግሞ፣ 'ፍሬው በሙሉ ከክኖክሮ ተራራ' የሚል።"

"ሞኝ አትሁኚ" አለች አትራክታ። "ቢራ በታቃቢ ስም ይጠራል?"

"እንቢ ነው?"

"እንቢ አላልኩም። ሞኝ አትሁኚ ነው ያልኩት። ይቀመስና እናያለን።"

ዲምፕና ከሄደች በኋላ አትራክታ የመብራት ሒሳብ የመጣበትን ፖስታ ገልብጣ በጀርባው ላይ ስሟን ጻፈች። ትንሽ አየችው። ከሥሩ፣ ከፍ አድርጋ፣ እንደገና ጻፈችው። ልጅ አልወለደችም፤ ሱቅ አልከፈተች፤ በዚህ ዓለም ላይ ስሟ ታትሞ የሚገኘው ከካርዶቹ ሌላ በሕክምና ደብተሯ ላይ ብቻ ነበር። ፖስታውን ቀዳ እሳት ውስጥ ጨመረችው።

የታቃቢዎቹ ሊቀ መንበር ኮንሴፕታ ወሬውን በሁለተኛው ቀን ሰማች። ማኅበሩ ከኮንሴፕታ ጋር አራት ሰው ቀርቶታል።

"እውነት አይደለም በይኝ" አለቻት ፖስታ ቤት በር ላይ።

"ገና አልተወሰነም።"

"እመቤቴ ምን ትልሻለች?"

"ስትናገረኝ እነግርሻለሁ" አለች አትራክታ። "እኔ የማልኩት አልጠጣም ብዬ ነው። ስሜ አይጠራም ብዬ አልማልኩም።"

*

ቅምሻው በነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ፍሬ ያመጡት ሰዎች ሁሉ በወተት ቤቱ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ዲምፕና ከአንድ እንቁላል የማይበልጡ ብርጭቆዎች ደረደረች።

"ይህ ለዓይን ጠብታ ነው?" አለ ፊንታን።

"ቅምሻ ነው፣ ፊንታን። አይጨለጥም።"

"እኔ ልክፈል ብል እንኳ በዚህ ማንን እጋብዛለሁ?"

"ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወትህ ልክፈል ልትል ነበር፤ እግዜር አዳነህ" አለው ጃርላት፣ ሁሉም ሳቁ።

ሩባርቡ እንደ ዱሮው ነበር፤ ቆምጠጥ ብሎ ንጹሕ። ቀጥሎ የመጣው ከረግረግ ተቆፍሮ በደረቀ አፈር እሳት ጭስ ላይ ከደረቀ ፕሪም የተጠመቀ ጠይም ቢራ ነው። ፊንታን አሸተተና ብርጭቆውን ትንሽ አራቀው።

"የጳጳስ ካፖርት ይሸታል።"

"የጳጳስ ካፖርት የት አሽትተህ ታውቃለህ?" አለች ዲምፕና።

"ሜሮን ሲቀባኝ አፍንጫዬ እዚያ ውስጥ ነበር። መጥፎ ነው አላልኩም እኮ። ድገሚኝ።"

አትራክታ እጇን አሽትታ፣ "ጭሱ አንድ ቀን ያህል በዝቷል፤ ፕሪሙ ግን በጊዜው ነው የተለቀመው" አለች። ዲምፕና ጻፈች። ሦስተኛው ከጥቁር እንጆሪና ከባሕር ጨው የተሠራው ነበር፤ ሰዎች መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ቀጥሎ ከንፈራቸውን ላሱ። አትራክታ ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ ይህ ማለት ምንም የሚነካ ነገር የለውም ማለት ነው።

ከዚያ የፍራሃኑ ቀረበ።

ዲምፕና ለሁሉም ቀዳች። ቀለሙ የወይን ጠጅ ይመስል ነበር፤ አረፋው ሐምራዊ። ፊንታን ቀመሰ፣ ጣራውን አየ፣ እንደገና ቀመሰ።

"አይከፋም" አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ "አይከፋም" አለ።

በክሎናሽል አይከፋም ከተባለ ተወደደ ማለት ነው፤ ሁለቴ ሲባል ደግሞ የሰማ የለም። ጠረጴዛው ዙሪያ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ እያንዳንዱ ብርጭቆው ውስጥ የራሱን ባልዲ የሚያይ ይመስል ነበር።

አትራክታ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሣች። ቀለሙ ትንሽ ሳሳ። የፍራሃን ጭማቂ ጣት ላይ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ነው፤ ይህን የሚያህል ፍሬ ገብቶበት ብርሃን ማሳለፍ አልነበረበትም። አሸተተች። ጠብታዋን እጇ ላይ አሳረፈች፤ ጠበቀች። ሲደርቅ የተራራው ሽታ መጣ፤ እርጥብ ድንጋዩ፣ ቁጥቋጦው፣ ምላስ የሚነክሰው ነገር። ከጎኑ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ለስላሳ፣ ውሃ ውሃ የሚል፣ ምንም ዓይነት መሬት የማያስታውስ ጣፋጭነት። አውቃዋለች። አንድ ክረምት የሱቅ ብሉቤሪ፣ ፍራሃንን የሚመስል የእርሻ ፍሬ፣ ገዝታ ማርማላታ ሠርታበት ለዶሮ ደፍታዋለች። ከሦስት እጁ አንዱ፣ አለች በልቧ። ሲሶው ክኖክሮን አይቶት አያውቅም።

ቀና ስትል ሁሉም እሷን ያያሉ፤ ከአንድ ሰው በስተቀር። ጃርላት ብርጭቆውን አልነካውም። ቀኝ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ የጫማውን ጫፍ ያያል።

"አክስቴ?" አለች ዲምፕና። "ወረቀቱን ሰኞ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት እልካለሁ። ስምሽን ላስገባው?"

አዎ ማለት አንድ ቃል ነበር። ማንም አያውቅም፤ ፊንታን እንኳ ሁለት ጊዜ አይከፋም ብሏል። አትራክታ በፖስታው ላይ የጻፈችውን ስም አየችው፣ ትልቁን።

"ነገ ከቅዳሴ በኋላ እነግርሻለሁ" አለች።

*

የጃርላት በር ክፍት ነበር። ሰውየው ወጥ ቤት ውስጥ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የቀዘቀዘ አተር ከረጢት አስቀምጧል። ስትገባ ከረጢቱን ሊደብቀው ሞከረ።

"እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ተወው" አለች።

"ለእራት ላበስለው ነው።"

"በጉልበትህ ላይ?"

አትራክታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ከየት ገዛኸው?"

"ምኑን?"

"ጃርላት።"

ውጭ የጎረቤት ትራክተር አለፈ።

"ከስላይጎ" አለ በመጨረሻ። "ከሦስት ሱቅ። አንድ ሰው ይህን ያህል ብሉቤሪ ምን ያደርግለታል እንዳይሉ ከየሱቁ ትንሽ ትንሽ። ኮፍያ አድርጌ።"

"ያንተን ጆሮ ኮፍያ ይደብቀዋል?"

"ቅዳሜ ሞክሬ ነበር፤ ከእሑዱ በፊት። ከተራራው መንገድ ሁለተኛ በር በላይ ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ተቀመጥኩ። ሃምሳ ዓመት የወጣሁት ተራራ ፊት ለፊቴ ቆሞ ያየኛል።"

"አንድ ባልዲ ይበቃ ነበር። ከታች ከታቹም ቢሆን።"

"አንድ ባልዲ ይዤ ብመጣ ምን ይሉ ነበር?"

"አንድ ባልዲ ይዞ መጣ ይሉ ነበር።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

አትራክታ ሳትፈልግ ልትስቅ ቀረበች። ጃርላት ፊቷን አይቶ ትንሽ ደፈረ።

"ተይው፣ አትራክታ። ማን ያውቃል? ሰው ወዶታል። ልጅቱም ደስ ብሏታል። ቢራ ነው እኮ፤ አንቺ ደግሞ አትጠጪውም።"

"አልጠጣውም" አለች። "አፋቸው ውስጥ የሚገባው ግን የኔ ስም ነው። ከሥሩ ያለው መስመር ውሸት ከሆነ ላዩም ውሸት ነው።"

"ታዲያ ልትነግሪያቸው ነው።"

"ያንተን ስም ከኔ አፍ ማንም አይሰማም።"

"ምን እንደሆነ ከተናገርሽ ማን እንደሆነ ያውቃሉ።"

እውነቱን ነበር። ጨፍልቆ ያመጣው እሱ ብቻ ነው። አትራክታ ተነሥታ አተሩን ከፎጣው አውጥታ ማቀዝቀዣ ውስጥ መለሰችውና ሌላ የቀዘቀዘ ከረጢት ሰጠችው።

"እንግዲያው ምን እንደሆነም አልናገርም" አለች።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዲምፕና በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አጠገብ ስትጠብቃት አገኘቻት።

"ቢራው ጥሩ ነው" አለች አትራክታ። "ስሜን ግን አታትሚ። ከሥሩ ያለውንም መስመር አውጪው።"

"ምን?"

"ሰምተሻል።"

"ምን አጠፋሁ? ጭሱ ሲበዛ ትነግሪኛለሽ፤ ግንዱ ሲረዝም ትነግሪኛለሽ። አሁን ምን አለው?"

"አልፈልግም፣ ልጄ። በቃ።"

ዲምፕና አየቻት። ዓይኗ ከአክስቷ ፊት ወደ ደረቷ ዓርማ ወረደ።

"ኮንሴፕታ ናት።"

በሕይወቷ ብዙ ነገር ተብላለች፤ ግትር፣ ቁጥብ፣ ምላሰ ስል። ፈሪ ግን ማንም ብሏት አያውቅም። አሁንም ዲምፕና ቃሉን አላወጣችውም፤ ግን በሁለቱ መካከል ቆሞ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ይወድቃል። አልተናገረችም።

በዚህ መሃል ኮንሴፕታ ራሷ ከበሩ ወጥታ ስትመጣ የመጨረሻውን ሰማች። በሰው ሁሉ ፊት የአትራክታን ክንድ ያዘች።

"ጌታ ልብሽን መለሰው" አለች፣ ለሦስት ረድፍ ሰው በሚሰማ ድምፅ። "አውቅ ነበር። ጸልየንልሻል።"

አትራክታ ክንዷን አልነጠቀችም። ከነገሩ ሁሉ የከበዳት ይህ ነበር። ቀጥ ብላ፣ ከኮንሴፕታ ጋር ክንድ ለክንድ፣ እስከ መኪናዎቹ ድረስ ተራመደች።

ከሰዓት በኋላ ደቃቅ ዘሮችን ከእንጆሪ ማርማላታ በወንፊት ስታጠል በሯ ተንኳኳ። ፊንታን ነበር፤ ሽርጡን አላወለቀም።

"እትዬ አትራክታ፣ ወደ ወተት ቤቱ ይምጡ።"

"ምን ተቃጠለ?"

"የተቃጠለ የለም። ጋሽ ጃርላት በርሜል ላይ ቁጭ ብሎ፣ እሷ ካልመጣች አልናገርም ብሏል። እኔ ቤት ምሳውን እየበላ ሳለ እርስዎ ኮንሴፕታን ፈሩ የሚል ወሬ ተነሣ። ሹካውን አስቀምጦ ወጣ። ምሳ ትቶ ሲወጣ አይቼው አላውቅም።"

ስትደርስ ከቅዳሜው ሰዎች ግማሹ ተሰብስቧል። ዲምፕና ክንዷን አጣምራ ከጋኑ አጠገብ ቆማለች። ጃርላት ኮፍያውን በእጁ ያዞራል። አትራክታን ሲያይ ተነሣ፤ ጉልበቱ ወግቶት እንደገና ተቀመጠ።

"ተቀምጬ ልናገር" አለ። "ይቺ ሴት ኮንሴፕታን ፈራች አሉኝ። ይቺ ሴት ወንዙ የሞላ ጊዜ የቄሱን ላም በገመድ ጎትታ ያወጣች ሴት ናት፤ ቄሱ ዛፍ ላይ ሆኖ እያየ። ኮንሴፕታን ፈራች የሚል ካለ ከላሟ ይጠይቅ።"

"ላሟ ሞታለች፣ ጋሽ ጃርላት" አለ ፊንታን።

"አንተ ዝም በል። ስሟን የከለከለችው በኔ ነው። ያመጣሁት ፍሬ ከሱቅ ነው።"

ጋኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈላ ይሰማል።

"ሦስቱም ባልዲ?" አለ ፊንታን።

"ሦስቱም።"

"አንዷ እንኳ—"

"ከሁለተኛው በር ላይ ሆኜ ተራራውን አየሁት። እሱን ከቆጠራችሁልኝ።"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌሎቹ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ጃርላት ግን አንገቱን ደፍቶ እስኪያልፍ ጠበቀ፣ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው። ዲምፕና አልሳቀችም። ወደ አክስቷ ዞረች።

"ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጠብታዋ። ሲሶው የሱቅ ነው ብዬ ነበር በልቤ።"

ዲምፕና ወደ ግድግዳው ሄደች። በሐምሌው እሑድ ማን ስንት ባልዲ እንዳመጣ በጠመኔ የጻፈችበት ሰሌዳ አሁንም ተሰቅሏል። ጣቷን እያስኬደች ቆጠረች። ሌሎቹ ቤቶች ስድስት። ጃርላት ሦስት። በድምሩ ዘጠኝ።

ፊንታንም በከንፈሩ ሲቆጥር ነበር። ሲጨርስ አትራክታን በአዲስ ዓይን አየና ኮፍያ ያለው ይመስል እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ።

"ሲሶ" አለ። "ሳትቀምስ።"

ዲምፕና መጥታ የአክስቷን ግራ እጅ ያዘችና ለጥቂት ጊዜ አልለቀቀችውም። አትራክታ ወሬ ልትቀይር ፈለገች፤ የሚቀየር ወሬ አላገኘችም። እንዲሁ ቆመች፤ ቀና ብላ፣ ሰው ሁሉ እያያት። አልጠላችውም።

"ፈርተሻል ብዬ—" አለች ዲምፕና።

"አላልሽም። በዓይንሽ ነው ያልሽው። ይሁን፤ አሁን ስሚኝ። የክኖክሮ ሰሜኑ ጥግ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትደርሰው። እዚያ ያለው ፍራሃን አሁን ነው የሚበስለው። ድሮ እናቴ ትወስደኝ ነበር፤ ሰው ስለሚሰንፍ አይሄድበትም። ገደላማ ነው።"

"ትንሽ ጋን አለኝ" አለች ዲምፕና።

"እንግዲያው ቅዳሜ።"

*

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው ወጣ። አትራክታ ከፊት ነበረች። ጃርላት እስከ መጀመሪያው በር በፊንታን መኪና መጥቶ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ፤ የሚወርደውን ባልዲ ሁሉ እየተቀበለ ቅጠሉንና ጥሬውን ይለቅማል። ጥሬ ባገኘ ቁጥር የለቃሚውን ስም እየጠራ ወደ ላይ ይጮሃል።

"ፊንታን፣ ይህ አረንጓዴ ነው። ዓይንህን ለውሻህ አበድረኸዋል?"

ሰሜኑ ጥግ እናቷ እንዳሳየቻት ነበር። አትራክታ በጉልበቷ ተንበርክካ እስከ ቀትር ለቀመች። መጨረሻ ላይ ከድንጋዩ ክምር አጠገብ ቆማ ወደ ታች አየች፤ የወተት ቤቱ ጣራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ፣ ራቅ ብሎ ባሕሩ። እጆቿ እስከ ክርናቸው ድረስ ተነክረው የወጡ ይመስል ጠቁረዋል። አምስት ባልዲ ሞላ። አንዷ የሷ ነበረች፤ ጃርላት ውስጧን ለረጅም ጊዜ መርምሮ አንድ ቅጠል እንኳ ስላጣባት ተናደደ።

የመጀመሪያውን ቢራ ዲምፕና አልደፋችውም። ምን ብላ ታውጣው ብላ ስትጨነቅ ጃርላት ራሱ መፍትሔ አመጣ። "በኔ ስም አውጪው" አላት። "ከሥሩ፣ 'ሲሶው የሱቅ ነው' ብለሽ ጻፊበት። እውነት ነው፤ እውነት ማንን ያሳፍራል?" እንዲህም ታተመ። ፊንታን ቤት ሰው በሳቅ ይጠይቃል፣ ከዚያ ሁለተኛ ይደግማል። ጃርላት አንድ ሳምንት ሙሉ ከቧንቧው አጠገብ ያለውን ወንበር ለማንም አልለቀቀም።

በጥቅምት አጋማሽ ትንሹ ጋን ተከፈተ። አትራክታ አየች፣ አሸተተች፣ ጠበቀች። ብርሃኑ ቀለሙን አላለፈውም። እርጥቡ ድንጋይ ነበር፤ ንክሻው ነበር፤ ከጎኑ ሌላ ምንም አልነበረም።

"ይውጣ" አለች።

ኮንሴፕታ ጠርሙሱን ያየችው በፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ነበር። አትራክታ ስትመጣ ከዚያው ቆማ ጠበቀቻት።

"ስምሽን አየሁት" አለች።

"ደህና ተጽፏል?"

ኮንሴፕታ መስኮቱን እንደገና አየች። "ትልቅ ነው።"

"አዎ" አለች አትራክታ። "ትልቅ ነው።"

በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ አትራክታ ፊንታን ቤት ከምድጃው አጠገብ ሎሚናታዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ዲምፕና ከጎኗ፣ ጃርላት ከወንበሩ ላይ። ከባሕሩ መንገድ ብስክሌት ሲነዱ የመጡ ባልና ሚስት እርጥብ ልብሳቸውን እያራገፉ ገቡ። ሴትዮዋ የሁለቱን ጠርሙሶች ጽሑፍ አነበበችና ፊንታንን ከሁለቱ የቱ ይሻላል አለችው።

"የኔ ብዙ ይሸጣል" አለ ጃርላት ሳይጠየቅ። "ሕዝብ ይፍረድ።"

"ተራራ መውጣት ያቃተው ሰው ከታች ያገኘውን ይጠጣል" አለች አትራክታ።

ሴትዮዋ ሳቀችና ወደሷ ዞረች። አትራክታ የመንደሩ ሰው መሆኗ፣ የሚያውቅ ሰው መሆኗ ፊቷ ላይ ሳይታይ አልቀረም።

"እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?"

ፊንታን ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆመ። ጃርላት እንኳ ወንበሩን ወደሷ አዞረ። አትራክታ ሎሚናታዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ መደርደሪያው አመለከተች።

"እኔ አልጠጣም" አለች። "ያኛው ግን የኔ ነው።"